የዘሀራ አማርኛ

መጀመሪያ የጨለመው ግራ ዓይኗ ነው። ባለቤቴ ዘሀራ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለችው ሱቃችን ጨርቅ እየለካች ሳለ፣ «አብዱ፣ አንድ ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወረደብኝ» አለችኝ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ለቀቃት።

«ሙቀቱ ነው፤ ጋደም በይ» አልኳት። ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ እጇ ዛለ። አፏ ተያያዘ። ስትሮክ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ሐኪሙ በአንገቷ ግራ በኩል ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ካሮቲድ የሚባለው የደም ሥር መጥበቡን፣ ካልተጠረገም ሌላ ስትሮክ ሊመጣ እንደሚችል ነገረን። በቀዶ ጥገናው ጊዜ የደም ሥሩ ለጥቂት ጊዜ ይታሰራል። ያን ጊዜ አንጎሏ ደም እንዳያጥረው የሚከታተል መሣሪያ አለ። አንዲት ባለሙያ የእኔኑ እጅ ይዛ አስረዳችኝ፦ አንጓው ላይ ያለውን ነርቭ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነኩታል፤ መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ስክሪን ላይ እንደ ሞገድ ይታያል።

በቀዶ ጥገናው ዕለት ከልጃችን ከነስራ ጋር ውጭ ጠበቅን። ሐኪሙ ወጣ።

«ስናስረው ሞገዱ ወረደ» አለ። «ወዲያው ጊዜያዊ ቱቦ አስገብተን ደም አሳለፍን። ተመለሰ። እጇ ደህና ነው።»

«ንግግሯስ?»

«መሣሪያው የእጇን ስሜት ነው የሚከታተልልን። ቃሏን አያሳየንም። የፊተኛው ስትሮክ የጎዳውንም ቀዶ ጥገናው አይመልስም።»

ድሬ ከተመለስን በኋላ በወራት ውስጥ ቀኝ እጇ መቀስ መያዝ ቻለ፤ አንደበቷም ቀስ በቀስ ተፈታ፤ የተፈታው ግን በእናቷ ቋንቋ፣ በሶማሊኛ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የተጣላነውም የታረቅነውም በአማርኛ ነበር። አሁን ሳናግራት እንግዳ ሰው እንዳናገራት ሁሉ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ከሶማሊኛ የማውቀው ዋጋ መናገር ያህል ነው። አንድ ቀን ረዘም አድርጋ አወራችኝ። ወደ ነስራ ዞርኩ።

ነስራ አንገቷን ደፍታ፣ «ለምን ታኮርፈኛለህ ነው የምትልህ፣ አባ» አለችኝ።

ያን ሞገድ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የጠበቁልኝን አላህ ይስጥልኝ፤ ዘሀራን በሕይወት አግኝቻታለሁ። እናንተ ግን ዓይን ለደቂቃ ቢጨልም፣ እጅ ቢዝል፣ አፍ ቢያያዝ፣ «ተወኝ» ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀዶ ጥገና ከታዘዘም መሣሪያው ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ነስራ ከሰዓት በኋላ ሶማሊኛ ታስተምረኛለች። ባለፈው ሳምንት ብዙ ቀን ያጠናሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ለዘሀራ ነገርኳት፦ «ያኔውኑ ሐኪም ቤት ልወስድሽ ይገባኝ ነበር።»

አንዷን ቃል አረመችልኝ። አስተካክዬ ደገምኩላት። ያን ጊዜ ገባት፤ አለቀሰች።