ሁለት ጣት ከፍ ያለችው መኪና

የመኪና ወንበር ሰፊዋን የሚያውቋት ሰዎች፣ «እሷ ሰው የምታውቀው በተቀመጠበት ነው» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። አሮጌ የመኪና ወንበር ሲመጣላት ልባሱን ከመቅደዷ በፊት በመዳፏ ዳበስ ዳበስ ታደርገውና፣ «ይኼ ሰውዬ ግራ ወገቡን ሳያመው አይቀርም» ትላለች። ወይም፣ «ይቺ ሾፌር አጭር ናት፤ የጨረሰችው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው።» ባለቤቶቹ ይስቃሉ፤ የሚስቁት ግን ወገባቸውን ይዘው ነው።

ሙያውን የለመደችው ወንበርም የመኪና አካልም ይሠሩ ከነበሩት አባቷ ነው። ገና ነፍስ ሳታውቅ ከስፌት ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ፣ ከአሮጌ ወንበሮች ላይ የዛጉ ምስማሮችን በጉጠት ትነቅል ነበር። ከስፖንጁ መሀል የማይገኝ ነገር የለም። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ የፀጉር ማስያዣ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የልጅ የወተት ጥርስ አገኘች። ያን ጥርስ ዛሬም በክር ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች። የማን እንደሆነ አታውቅም፤ መጣል ግን አልሆነላትም።

አሁን ራሷም ሸብታለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ከቤቱ ጀርባ ያለው ያባቷ የሥራ ቤት ለሁለት የተከፈለ ነው። በወዲህ በኩል የእሷ የስፌት መኪና፣ የቆዳ ጥቅሎቿና ቆልማማ መርፌዎቿ አሉ። በወዲያ በኩል ታናሽ ወንድሟ የተጨራመተ የመኪና አካል በመዶሻ ያቃናል፤ ባትላሜራ ነው። ረጅምና ቀጭን በመሆኑ፣ እንደ ሙያውም፣ ሰፈሩ በሙሉ «ላሜራ» ይለዋል። ሚስት የለውም። «ማን ከላሜራ ጋር ይተኛል፣ ይቆርጣል እኮ» እያለ በራሱ ይቀልዳል።

በሁለቱ መሀል ወፍራም የሸራ መጋረጃ ተሰቅሏል። የሰቀሉት አባታቸው ናቸው። «ያላለቀ ሥራ እርቃኑን ነው» ይሉ ነበር፤ «እርቃን ደግሞ አይታይም።» ስለዚህ እህትና ወንድም አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያልቅ አያይም ነበር። አባት ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ መጋረጃው ግን አልወረደም። ለምን እንደሆነ የጠየቀም የለም።

ከሥራ ቤቱ ኋላ ያባታቸው አሮጌ መኪና ቆማ ነበር። ዶሮ እንቁላል ሲጥልባት፣ ዝናብ ሲበላት ኖራ፣ ላሜራ አንድ ቀን ጎትቶ አስገባት። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረው። እንዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ወስደው ጣሪያዋን ቆርጠው የሚያሳጥሩ፣ ሆዷን ወደ መሬት የሚያወርዱ፣ ጉልበተኛ ሞተር የሚተክሉላት ሰዎች አሉ። ሲጨርሷት ልትዘል እንዳደባች አውሬ ትሆናለች። ላሜራም እንደዚያ ሊሠራት ፈለገ።

የተጣደፈበት ምክንያት ግን እናታቸው ናቸው። ሐኪሙ የዓይናቸው ብርሃን ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ መሆኑን ነግሯቸዋል። ወደፊት ጨርሶ ይዘጋል። እሳቸውም ሲሰሙ አላለቀሱም። «እንግዲያው ሳይዘጋ» አሉ፣ «ባባታችሁ መኪና ያቺን መታጠፊያ አሳዩኝ።» በተራራው መንገድ ላይ ያለችውን መታጠፊያ ማለታቸው ነው። ባላቸው በደህናው ዘመን ሞተሩ እስኪበርድ እዚያ ያቆሙ ነበር፤ እሳቸውም ከታች የተዘረጋውን ሐይቅ ያዩ ነበር።

ወንድሟ አካሉን፣ እሷ ወንበሩን ያዙ። በየፊናቸው፣ ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ።

ያለቀ ዕለት ላሜራ የእጁን ቅባት በጨርቅ እየጠረገ መጣና፣ «እትዬ፣ ነይማ» አላት። መጋረጃውን ገለጠው።

ሰፊዋ እግሯ ሳይታዘዝ ቆመ። ዶሮ የጣለባት መኪና የለችም። በጥላው በኩል ጥቁር፣ ብርሃን በነካት በኩል የወይን ጠጅ የምትመስል ነገር መሬቱን ልትስመው ምንም አልቀራትም። ጣሪያዋ ወርዶ መስታወቶቿ ጠበው፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ የምታይ ትመስላለች። ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ ተጠጋች፤ ለምን እንዳወለቀች አታውቅም። መዳፏን ከኮፈኑ ላይ አሳርፋ እስከ ኋላ ድረስ ወሰደችው። የተበየደበት ቦታ ይኖራል፣ ጣቷ ይነካዋል ብላ ጠበቀች። እጇ በጣሪያው ተንሸራትቶ፣ በጀርባዋ ወርዶ፣ አንድም ቦታ ሳይሰናከል አለቀ። «ይኼን በመዶሻ እየደበደበ ነው የሠራው» ስትል አሰበች። «ደብድቦ እንዲህ ያለሰልሳል?» ከአንድ ማኅፀን የወጣ ወንድሟን እንደ እንግዳ ሰው አየችው።

እሱም ተራው ደርሶ ወደ እሷ በኩል ተሻገረ። ወንበሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ ማር የመሰለ ቆዳ፣ ሽንሽኑ እንደታረሰ እርሻ መስመሩን ሳይስት ይሄዳል። ላሜራ በጉልበቱ ተንበረከከና መስመሩን በአንድ ጣቱ ተከተለው።

«መርፌ የገባበቱ የታለ?»

«አለ። አንተም የበየድክበቱ አለ አይደል?»

ወንበሩን ተጋግዘው አስገቡት። እናታቸው በዱላቸው ደገፍ ብለው በር ላይ ቆመዋል። ላሜራ አጎንብሶ ገባና መሪውን ጨበጠ። ጭንቅላቱ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ አንገቱ እንደተቆጡት ልጅ ወደ ትከሻው ተጣሟል።

«ምን አጠፋህ?» አሉ እናታቸው። «ማን ተቆጣህ?»

ነገሩ ለእህትና ወንድሙ ወዲያው ገባቸው። ላሜራ ጣሪያውን ሲቆርጥ የለካው ባዶው ወለል ላይ ጠፍጣፋ ሳፋ ደፍቶ፣ እሱ ላይ ተቀምጦ ነው። በልቡ የነበረው የመኪናዋ መስመር ነው እንጂ ወንበር አልነበረም። ሰፊዋ ደግሞ ሞላ የሚባለውን ጠምዛዛ ሽቦ የያዘውን አሮጌውን የወንበር ብረት ይዛ፣ ለአሮጌው ጣሪያ የሚሆን ምቹ ወንበር ሠርታለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንድ ላይ ግን አይሆኑም።

ቢሆንም ላሜራ እልኸኛ ነው። እህቱን ከጎኑ አስቀምጦ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረ። ሞተሩ ሲያጓራ ሰዎች ከየሱቁ ብቅ አሉ። ሰፊዋ ግን መንገድ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ በጥርሷ ቆጠረችው። መኪናዋ ዝቅ እንድትል ሲል ባሌስትራዋን፣ ያን ተደራርቦ የመኪናን ክብደት የሚሸከም የብረት ቅጠል፣ ቀንሶ አሳስቶታል። ግቢ በር ላይ ያለችውን ጉብታ ሲወጡ የላሜራ ራስ ከጣሪያው ጋር «ጓ» ብሎ ተጋጨ።

«እንዴት ናት?» አሉ እናታቸው።

ሰፊዋ በሰው ፊት ክፉ ቃል አይወጣትም። «ቆንጆ ናት» አለች።

«ቁንጅናዋንማ በቀረችኝ ዓይኔም አየሁት። እኔን ትወስደኛለች ወይ ነው ያልኩሽ።»

ላሜራ መኪናዋን ሸፈናት። «የተቆረጠ ጣሪያ አይበቅልም» አለ። «እማዬን በሌላ መኪና እንውሰዳት። ወይ እሱም ይቅር።» መጋረጃውን ስቦ ወደ ውስጥ ገባ፤ ያን ቀን የመዶሻ ድምፅ አልተሰማም።

በማግስቱ ላሜራ ለሌላ ሥራ ቀለም ሊገዛ ወጣ ሲል ሰፊዋ መጋረጃውን አልፋ ገባች። ከወንድሟ ክፍል ሳትጠራ መግባቷ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበሩን እየጎተተች አውጥታ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች። የታያት መሪውና ጣሪያው ብቻ ነው፤ መንገዱ የለም። እንደ ወንድሟ ያለ ረጅም ሰው ዝቅ ማለት አለበት። እንደ እሷና እንደ እናቷ ያለች ድንክ ደግሞ ዝቅ ካለች ሐይቁን ቀርቶ ኮፈኑንም አታይም። ለእናቷ ግን ባለሞላው ከፍ ያለ ወንበር ልካቸው ነበር። መድኃኒቱ አንድ ብቻ እንደሆነ ያኔ ታያት፤ ያን ወጥ ወንበር ለሁለት መቁረጥ። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ነገር ሰፍታ አታውቅም፤ ዳግመኛ እንደማትሰፋም ታውቃለች።

እናቷ ዱላቸውን እያንኳኩ መጡ። እጃቸውን ወደ መጋረጃው ሲዘረጉ ሸራውን ነኩት።

«ይኼ ነገር አሁንም አለ?»

«አባባ የሰቀለው አይደል። ያላለቀ ሥራ አይታይም እያለ።»

እናቷ ሳቃቸው መጣ። «እሱን አመናችሁት? የሰቀለውኮ ሲሳሳት እንዳላየው ነው። ላንዲት መኪና የቀኝ በር ሠራሁ ብሎ ሁለተኛ የግራ በር ሠርቶ፣ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር።»

ላሜራ ቀለሙን ይዞ በር ላይ ደርሶ ይኼን ሰማ። «አባባ?» አለ። «አባባ ሁለት የግራ በር?»

«ሁለቱም ግን ቆንጆ ነበሩ» አሉ እናቱ። ላሜራ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ቀለሙን አስቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሰፊዋ ያሰበችውን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኘችም። መጋረጃው ወረደ። ሸራው ዘመን ያልበገረው ነበርና፣ እሷ በረጃጅሙ ቆራርጣ እየጎነጎነች ለወንድሟ መቀመጫ አደረገችው። ሞላ የለው፣ ከፍታ የለው፤ ሰውዬውን ከወለሉ ትንሽ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ከዚያ ትልቁን መቀስ አነሳች። ላሜራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ስትጨርሺ ንገሪኝ።»

«እኔ ነኝ የምቆርጠው፣ አንተ ምን ሆንክ?»

ቆዳው ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። ሰፊዋም አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከሰች። ከፍ ያለውን ሰፊ ክፍል ለእናቷና ለራሷ አስቀረችው። የጀርባ መደገፊያውን ግን አልነካችውም። ከውጭ በጠባቡ መስታወት ለሚያይ ሰው ያ መስመር ዛሬም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። እናቷን በየቀኑ እያስገባች ለካቻቸው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ መጀመሪያ ጀርባቸውን ወደ ውስጥ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ እግራቸውን ያዞራሉ። ለዚህ ብላ የወንበሩን ዳር በሚያንሸራትት ለስላሳ ቆዳ አለበሰችው።

«የሬሳ ሣጥንም ቢሆን ጣሪያው ከዚህ ከፍ ያለ ይሰጡኛል» ይላሉ እናቷ እየገቡ።

የቀረው ባሌስትራው ነው።

«አንድ ቅጠል መልስላት» አለችው ሰፊዋ።

«አንድ ቅጠልኮ ሁለት ጣት ከፍ ያደርጋታል።»

«ሁለት ጣት ምን አላት?»

«እትዬ፣ ሁለት ጣት ማለት ባደባችና በቆመች መሀል ያለው ነው። ሙሽራን ወንበር ላይ አቁሚያት እንደማለት ነው።»

ሰፊዋ አልተከራከረችም። የተቆረጠውን የወንበር ጠርዝ እንዲያየው ብቻ ወደ እሱ አዞረችው፤ የሽንሽኖቹ ጫፍ ተሰልፎ ይታያል። ላሜራ ጥቂት አየውና ክሪኩን ፍለጋ ሄደ። መኪናዋን አንስቶ ቅጠሉን መለሰ።

በጠዋት ወጡ። ከተማውን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ ሞተሩ ድምፁን አወፈረ፤ መኪናዋ ግን ጉድጓዱን ሁሉ እንደ ውሃ ትውጠው ጀመር። ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ጠብቃ ነበር፤ ቀስ ብላ ፈታችው። የወንድሟ ጭንቅላት ከጣሪያው በታች በነፃነት ይወዛወዛል። ገደሉና ዛፎቹ በጠባቡ መስታወት ውስጥ ተራ በተራ ይገቡና ያልፋሉ። ሦስቱ በእጅ የተሠራ ነገር ውስጥ ተቀምጠው ተራራ መውጣታቸው ገረማት። ትናንት ብረትና ቆዳ ነበር።

«መስታወቷ ጠበበ ትላላችሁ» አሉ እናቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ለኔ ዓይን ልኩ ነው።»

መታጠፊያዋ ላይ ላሜራ አቆመ። ሐይቁ ከታች ነበር፤ ሰማዩ ወርዶ የተኛ ይመስላል። አንዳችም ማዕበል የለበትም፤ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ አይለይም። እናታቸው እግራቸውን አዙረው፣ በለስላሳው ቆዳ ተንሸራተው ወረዱ፣ ዱላቸውን ተክለው ቆሙ።

ላሜራ ራቅ ብሎ ሄዶ መኪናዋን ከሩቅ አያት። ዓይኑን አጠበበ፣ ጎንበስ አለ።

«ሁለት ጣቷ ትታያለች» አለ።

«ለኔ አትታየኝም» አሉ እናቱ ከሐይቁ ሳይዞሩ። «ዝም በልና ና እይ።»

እሱም መጥቶ ከጎናቸው ቆመ።

ሰፊዋ ገና ከመኪናዋ አልወረደችም። እንደ ልማዷ እጇ ሳታዘው እናቷ የተነሱበትን ቆዳ ዳበሰ። ያን ስፖንጅ ወገባቸው እንዲያርፍበት ብላ ስንት ጊዜ ጨምራ ቀንሳዋለች። ከጀርባ በኩል ያለው ቆዳ ቀዝቃዛ ነው፣ አንድም እጥፋት የለውም። የሞቀውና የተጨማደደው ፊተኛው ጫፍ ብቻ ነው። እናቷ መንገዱን ሙሉ የመጡት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና እንደገባ ሕፃን፣ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ነው።

እጇን እዚያው ሙቀቱ ላይ ጥቂት አቆየችው። ከዚያ እሷም ወረደች።