ቀይ ወፍ ያለባት ሸክላ

እልል በሉ፣ ተገኘች! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተፈለገችው የሙዚቃ ሸክላ ዛሬ ጠዋት ተገኘች!

የደስታው ባለቤት ግዛቸው ነው። ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር የሚኖር፣ የሆቴል ሻንጣ ሲሸከም ወገቡ ያለቀ፣ ሲስቅ ግን መላ አካሉ የሚስቅ ሰው። በወጣትነቱ ሻሸመኔ ሳለ፣ ሮቢ የሚባል ጃማይካዊ አናጢ ጎረቤት ነበረው። የሮቢ ሀብቱ አንዲት አሮጌ ማጫወቻና አንዲት ሸክላ ነበሩ፤ ስካና ሬጌ የሚባሉትን የጃማይካ ስልቶች የሚጫወት የአንድ ቡድን የመጀመሪያ አልበም። ሽፋኗ ጠፍቶ በጨርቅ ትጠቀለላለች። መሃሏ ላይ ቀይ ወፍ አለች፤ ጽሑፉ ግን ከጣት ብዛት ለቋል። ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት እንደ ቆሎ እየተንጣጣች ትዘፍንባታለች። ግዛቸውና የዛሬዋ ሚስቱ ትብለጥ የተዋደዱት በሦስተኛው ዘፈን፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ሲጨፍሩ ነው።

በ1984 በሱዳን አድርገው ላስ ቬጋስ ሲገቡ፣ ግዛቸው ለሚስቱ ቃል ገባ፦ "ልጃችን አርያም ስትዳር በዚያ ዘፈን አስጨፍርሻለሁ!" ከዚያማ ሸክላ ቤቱን ሁሉ "ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት" እያለ አሰሰ። የለችም። ጓደኞቹ "ጋሼ፣ በሕልምህ ነው የጨፈርከው" እያሉ ሲያሾፉበት፣ እሱም ራሱን መጠርጠር ጀመረ።

ሠርጉ ነገ ነው። ዛሬ ከሌሊት ሺፍት ሥራው ሲመለስ የአንዲት አሮጊት ያርድ ሴል ላይ፣ ደጅ ለሽያጭ ከተዘረጋው አሮጌ ዕቃ መሃል፣ ቀይዋን ወፍ አያት። ከፍሎ፣ አቅፏት ወደ ቤቱ ከነፈ።

ማጫወቻው ላይ አድርጎ መርፌውን አሳረፈ። ምን ቢሰማ ጥሩ ነው? ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ወንዶች፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ እያሉ ያንጎራጉራሉ። ግዛቸው ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

"አይደለችም።"

"ታምራለች እኮ" አለች ትብለጥ።

"ማማሩንስ ታምራለች። ሴትየዋስ?"

አርያም ሳቀች። "ዳዲ፣ ሰውዬው ተኛ! ፋስት ላድርገው?" ብላ ለቀልድ የፍጥነቱን ቁልፍ በደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ዙር ወደ አርባ አምስት ገፋችው።

ያቺ ቀጭን ድምፅ! ቤቱን ሞላችው። የትብለጥ ትከሻ ከራሷ ቀድሞ ተነሣ።

"እሷ ናት! ግዛቸው፣ እሷው ናት!"

"የሮቢ ማጫወቻ!" ግዛቸው ራሱን ያዘ። "ቁልፉ ተሰብሮ አርባ አምስት ላይ ተጣብቆ ነበር እኮ! አሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ሳሳድድ ኖርኩ!"

ሳቁ ሲበርድ ትብለጥ ቁልፉን ወደ ሠላሳ ሦስት መለሰችው።

"ያ ፍጥነት ለያኔው ጉልበታችን ነው። በዚህ ወገብህ ብትዘል፣ ከሠርግ ቤት ሐኪም ቤት ነው የምንሸኝህ። በዚህኛው እንጨፍራለን።"

እጇን ዘረጋች። በመጋረጃው የገባው ፀሐይ ምንጣፉ ላይ እንደ ማር ፈስሷል፤ ሁለቱ በውስጡ ቀስ ብለው ዞሩ። ያኔ እንደ ንፋስ ሽው ብሎ ያለፈው ዘፈን፣ አሁን እየተንሳፈፈ አለፈ፦ የእጇ ሙቀት፣ ዓይኗን የምትጨፍንበት ቦታ፣ ትንፋሿ። ግዛቸው ያን ቀን ሳያየው ያመለጠው ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ጊዜ ወስዶ ሲመጣለት አየ።

ነገ ሙዚቃ የሚያጫውተው ዘውዴ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። አርባ አምስት ላይ አድርጎ የግዛቸውን ወገብ ሳይሰብርብን ሮጬ ልንገረው!