ኪኒን የማያምኑ እናት

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ሁልጊዜም ያስቸግረኛል። «ሂፕኖሲስ» ስል ግማሹ ሰው የፊልም ነገር ይመስለዋል፤ ሌላው፣ በተለይ መርካቶ ውስጥ ወርቁን በገዛ እጁ አውልቆ ለማያውቀው ሰው ያስረከበ ዘመድ ያለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አፍዝ አደንግዝ ነው?» ይለኛል። አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ፋርማሲ ነው፤ ሁለተኛው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ። ሂፕኖሲስን የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ ሕመምን ለማስታገስና ፍርሃትን ለማርገብ ሕክምና ውስጥ እንዴት እንደሚሠራበት ለማወቅ ነው። ታካሚው አእምሮውን በአንድ ነገር ላይ አጥብቆ እንዲያሳርፍ በንግግር እረዳዋለሁ፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሳለ ሕመሙ ራቅ ብሎ ይቆያል። እንቅልፍ አይደለም። ፈቃዱንም የሚነጥቀው የለም።

ክፍሌ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ላይ፣ አነስተኛ የቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ናት። ባቡሩ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ላይ ድምፁን ለመከላከል ወፍራም መጋረጃ ሰቅዬ ነበር፤ በኋላ መጋረጃውን አወረድኩና ድምፁን ወደ ሥራዬ አስገባሁት። «ባቡሩ ሲያልፍ ትከሻዎ ይበልጥ ይላላል» እላለሁ። ይላላልም።

በሥልጠናው ወቅት የተሰጠን ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ ባሕር ዳርቻ ነበር፤ አሸዋ፣ ማዕበል፣ ሞቃት ነፋስ። ያንኑ በአማርኛ አዘጋጅቼ ለመጀመሪያ ታካሚዎቼ ሳነብ፣ አንዲት የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነጋዴ ዓይኗን ገልጣ «እኔ እኮ ውኃ እፈራለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሕሩን ተውኩት። አሁን ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «እጅዎ ሳያስቡበት የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ነው። የአብነት ሰፈሩ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ፔዳል ይነግረኛል፤ የቤት እመቤቷ ምስር መልቀሙን ትነግረኛለች። በዚያ ሥራ በኩል አስገባቸዋለሁ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም። ስለ እሱ ስናገር ትሕትና አላበዛም።

ይህ ታሪክ የአንዲት እናት ነው። ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም በልጃቸው ታጅበው መጡ። ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው፤ ሰው ቁጥር በራሱ መደወል ከመጀመሩ በፊት ገመድ እየሰኩ ከተማውን ከክፍለ ሀገር ሲያገናኙ የኖሩ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መቆለፊያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀኝ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረች። የክሊኒኩ ቀዶ ሐኪም መልኳን አልወደደውም፤ ወጥታ እንድትመረመር ይፈልጋል።

«ማርያም የሳመችኝ ናት» አሉ፣ እጅጌያቸውን ወደ ታች እየሳቡ።

«እማዬ፣ ማርያም አንዴ ስማ ትተዋለች» አለች ልጃቸው። «ይቺ እኮ በየጊዜው እየሰፋች ነው።»

«አንቺ ዝም በይ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እንቅልፍ የምታስወስጂው አንቺ ነሽ?»

«እንቅልፍ አይደለም፣ እትዬ።»

«ምንም ይሁን። መድኃኒት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ተስማምተናል። እሱ ይቁረጥ፣ አንቺ አውሪ፤ መርፌ የሚባል ግን አይቅረበኝ።»

አልተስማማንም ነበር። ሐኪሙ አስቀድሞ የነገረኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሏል፣ ኪኒኑን ካቆሙ ቆይተዋል፤ ግፊቱ በዚያ ከፍታ ላይ እያለ ቢላ እንደማያነሳም አስታውቋል። ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። ባለቤታቸው ለዓመታት የግፊት ኪኒን ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን ከእሳቸው ጋር ምሳ እየበሉ ሳለ እትዬ በሬዲዮ የዚያ ኪኒን አንድ ምርት ከገበያ እንዲሰበሰብ መታዘዙን ሰሙ። ተነሥተው ሳጥኑን ቢያዩት ያው የተባለው ነው፤ ከውስጡ የቀረው ጥቂት ነበር። ባለቤታቸው ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ኪኒኑ ይሁን ሕመሙ ማንም ሊነግራቸው አልቻለም።

«ተቆጣጣሪ አለ ይሉኛል» አሉ። «ማኅተም አለ ይሉኛል። እሳቸው የዋጡትም ማኅተም ነበረው። ተቆጣጣሪ የሚናገረው ሰው ውጦ ከጨረሰ በኋላ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ የተለመደውን መልስ መስጠት አልቻልኩም። እኔም ራሴ በሆስፒታል ፋርማሲ ስሠራ፣ ብርሃን ላይ ሳነሳቸው ብናኝ የሚታይባቸው ብልቃጦች አግኝቼ፣ ካርቶኑን ለብቻ አሽጌ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳውቄ ነበር። ምስጋና ያለበት መልስ መጣ፤ የመጣው ግን ያ ምርት ከየመደርደሪያው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ ጥቂት መሆናቸውን፣ አገሩም ሰፊ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ማኅተም ብቻውን አያሳርፈኝም።

ከሁሉም ይበልጥ የፈተነኝ ግን ቀጥለው ያሉት ነው።

«የግፊቱንም ነገር አንቺው ያዢልኝ። ኪኒኑን ልተወውና በየሳምንቱ ልምጣ።»

ይህን ጥያቄ በደስታ የሚቀበል ባለሙያ እንዳለ አውቃለሁ። ታካሚው ይመጣል፣ ያመሰግናል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወድቃል። ሂፕኖሲስ የተጨነቀን ልብ ያረጋጋል፤ ለዓመታት የቆየን የደም ግፊት ግን አይሸከምም። የሥራዬን ወሰን ከሥራዬ እኩል አከብረዋለሁ።

«አይሆንም» አልኳቸው። «ኪኒኑን ካልጀመሩ ለክንድዎም አልሠራም።»

«ታዲያ አንቺም እንደነሱ ‹እመኚ› ልትዪኝ ነው?»

«አይደለም። እኔም ሙሉ በሙሉ አላምናቸውም።»

ልጃቸው ደንግጣ አየችኝ። እሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የቦርሳቸውን መቆለፊያ ለቀቁ።

«እና አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እፈትሻለሁ። ሳጥኑን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ጊዜ፣ የኪኒኑን መልክ፣ የተቀመጠበትን ቦታ አያለሁ። የምገዛው ከማውቀው ሰው ነው። ከዚያ ሰውነቱ ራሱ ምን እንደሚል እለካለሁ። ፍተሻ ሁሉን ነገር አይዝም፤ ሳይፈትሹ ከመዋጥም፣ ሳይፈትሹ ከመተውም ግን ይሻላል።»

ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንሥተው ጎናቸው አስቀመጡት። ከዚያ ለራሳቸው የሚያወሩ በሚመስል ድምፅ «እኛም መስመሩን ሳንሞክር ሰው አናገናኝም ነበር» አሉ። «ቴክኒሻኖቹ ‹ተስተካክሏል› ይሉናል። እሺ እንላለን። ግን መጀመሪያ ራሳችን ገብተን እንሰማለን።»

«ይሄንንም ይሞክሩታ።»

አብረን ወደ ፋርማሲ ወረድን። ባለሙያው ከእኔ ጋር የተማረ፣ በጥንቃቄው የምተማመንበት ሰው ነው። እትዬ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ያወጣጡት ጀመር። መድኃኒቱ ከየት መጣ? ያመጣው ማን ነው? ፀሐይ መትቶታል? መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ይሞቃል?

«እትዬ» አላቸው በመጨረሻ፣ «ሊገዙ ነው ወይስ ሊያሳስሩኝ?»

«እንደ መልስህ ነው።»

ሳቀና መጋዘኑን ከፍቶ አሳያቸው። የሙቀት መለኪያውን ራሳቸው አነበቡ። ገዙ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍሌ ሲመጡ፣ ከደረጃው ድካም ካረፉ በኋላ፣ ግፊታቸውን እለካላቸው ጀመር። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ «ይሄ መሣሪያስ በማን ተፈትሾ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። የሐኪሙን መሣሪያ አምጥቼ በሁለቱም ለካኋቸው፤ ሁለቱ ተስማሙ። «እሺ፣ መስመሩ ይሠራል» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ኪኒኑ አልተከራከሩኝም። ጎን ለጎን ለቀዶ ሕክምናው ተለማመድን። ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ የክፍሉ አንደኛ ይሆኑ ነበር። እጃቸው ሳያስቡበት የሚሠራውን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሐኪሙ ግፊቱ መስተካከሉን ሲያይ ቀኑን ቆረጠ። ማደንዘዣው ጎኑ ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ ጠየቀ፤ እኔም የምፈልገው ያንኑ ነበር። እትዬ ብልቃጡን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ብርሃን ላይም አነሡት፣ እኔ እንዳሳየኋቸው። ከዚያ በምልክት ተስማማን። የግራ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት ካነሡ ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቅ መርፌውን ይሰጣቸዋል።

«አላነሳም» አሉ።

«ቢያነሡም ባያነሡም የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ተጋድመው ዓይናቸውን ከደኑ። ወደ ድሮው የስልክ ማገናኛ ሰሌዳቸው ወሰድኳቸው፤ የጆሮ ማዳመጫው ክብደት፣ የገመዶቹ ጫፍ፣ ጥሪ ሲመጣ የምትበራው ትንሽ መብራት። ትንፋሻቸው ረዘመ። «ከቀኝ ክንድ ጥሪ ይመጣል» አልኳቸው። «መብራቱን ያዩታል። አያገናኙትም።» ቢላው ቆዳውን ሲነካ ፊታቸው አልተነቃነቀም። ከንፈራቸው ብቻ በቀስታ «ይጠብቁ» አለ፣ ያ በዕድሜ የተገራ የኦፕሬተር ድምፅ። ሐኪሙ ጭምብሉ ሥር ሳቁን እንደዋጠ በትከሻው አወቅሁ። ግፊቱ ባለበት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ እኔም እያንዳንዷን ቃል በቦታዋ አስቀምጥ ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ ዙሪያዋን ሰፋ አድርጎ፣ ጠለቅም ብሎ መቁረጥ እንዳለበት ነገረኝ። ሥራው ቀጠለ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ጠቋሚ ጣታቸው ቀስ ብላ ተነሣች።

በዚያች ቅጽበት ምላሴ ላይ የተዘጋጀ ዐረፍተ ነገር ነበር። ይበልጥ ወደ ውስጥ የሚወስድ፣ ምናልባትም ጣቲቱን መልሶ የሚያስተኛ። ያለ አንዲት ጠብታ ማደንዘዣ ተፈጸመ የሚባል ሥራ በእጄ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዐረፍተ ነገሩን አልተናገርኩትም። ሐኪሙን «ይውጓቸው» አልኩት፤ ለእሳቸውም «አሁን የመረጡት እርዳታ እየመጣ ነው» አልኳቸው። መርፌው ገባ። ጣታቸው ዐረፈች። ቀሪው በጸጥታ አለቀ።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ልታሸንፊ ለጥቂት አመለጠሽ» አለኝ።

«አሸንፌያለሁ» አልኩት።

የቀለድኩ መሰለው። እኔ ግን ከልቤ ነው ያልኩት። ኪኒንም መርፌም አይቅረበኝ ብለው የመጡ ሰው፣ ያነበቡትንና በብርሃን ያዩትን መድኃኒት፣ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት፣ በራሳቸው ጣት ጠሩት። ሳይጨነቁ፣ ሳይገደዱ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ያለ ማደንዘዣ ጥርስ ሲያስነቅል፣ ቁስል ሲያሳጥብ አግዣለሁ፤ በአንዱም የዚህን ያህል አልኮራሁም። እትዬ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያሉት «አነሣሁ አይደል?» ነው። «አነሡ» አልኳቸው። «ጎሽ» አሉ፣ ለራሳቸው።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሙ ሦስታችንንም አስቀመጠን። ወረቀቱን ደግሞ ካነበበ በኋላ ቀና አለ።

«ክፉ ዓይነት ነበረች» አለ። «ግን ገና ወደ ውስጥ አልወረደችም። ዙሪያዋ ንጹሕ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች።»

ልጃቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ አላለቀሱም።

«ብትቆይስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁ።

«ብትቆይ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ክትትሉ መቼ መቼ እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየው በዝርዝር ጠየቁ፤ ሐኪሙም ታግሦ መለሰላቸው። በር ላይ ስንደርስ ልጃቸው ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ከሰው ጋር መከራከሯንም በዚያው አንድ በይልን እባክሽ።»

«ለእሱ ምንም አልተገኘለትም» አልኳት።

እትዬ ሰምተዋል። በፋሻ የተጠቀለለ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ደገፍ አድርገው ሳቁና፣ ልጃቸውን በክርናቸው ገፋ አድርገው ወደ ደረጃው ሄዱ። ምርኩዝ አልፈለጉም።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ቀጣዩ ታካሚዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ከፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጣ፣ መንጋጋውን ማላላት የተሳነው ሰው ነው። ኩራትን በሰው ፊት ማሳየት ከልጅነቴም አልወድም። ስለዚህ በሩን ዘግቼ፣ ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ጋዋኔን አስተካከልኩና ሰውየውን ጠራሁት።