ከእምድብር በላይ ያለው ዳገት

ባለፈው ሰሞን ሦስት ወጣቶች ቤቴ መጡ። ሁለቱን ስፖርት ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ ሦስተኛውን አላውቀውም፤ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሁለቱ ኋላ ቆሞ ነበር። ከወልቂጤ እምድብር በብስክሌት ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ሳያርፉ አሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ያለበት ውድድር ሊያዘጋጁ መሆኑን ነገሩኝ። ከእኔ የፈለጉት ከመነሻው በፊት አጭር ንግግር እንዳደርግ ነው።

«ቲቸር፣ ያኔ ጓደኛዎን ተሸክመው ያዳኑበትን ታሪክ ቢነግሩን ብለን ነው» አለኝ ባለሄልሜቱ።

ጉልበቴን ያመኛል አልኳቸው። ለንግግር ጉልበት ምን ያደርጋል ብለው አልጠየቁኝም። ሻያቸውን ጨርሰው፣ እጅ ነስተው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ።

ያን ታሪክ በእኔ ዕድሜ ያለ የወልቂጤ ሰው ያውቀዋል፤ ልጆቻቸውም ከእነሱ ሰምተዋል። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ድሮ በተጋለጠ ነበር፤ ግማሽ እውነት ግን ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከባለቤቱም ሊበልጥ ይችላል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጎጃም በሥራ ተዛውሮ መጥቶ ወልቂጤ የቀረ የግብርና ሠራተኛ ነው። ሸምሱ የቡታጅራ ልጅ ነው። አባቱ በርበሬ ይነግዳሉ፤ እሱ ግን ወልቂጤ ልብስ የሚሸጠው አጎቱ ዘንድ ሆኖ ይማር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ከዚያ በኋላ አልተለያየንም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም ሁለታችንን በአንድ ቀን ጣለን።

ሸምሱ ሲሮጥ የሚሮጥ አይመስልም ነበር። እግሩ መሬት የሚነካው ለወጉ ያህል ነው። እኔ የምሮጠው ጥርሴን ነክሼ ነው። ብስክሌት ላይ ግን እበልጠዋለሁ፤ ጭኔ ወፍራም ስለነበር ዳገት አይሰብረኝም። አንተ በሬ ነህ፣ እኔ ሚዳቋ፣ እያለ ይስቅብኝ ነበር። እስቃለሁ፤ ግን ሚዳቋ መሆን የማይመኝ በሬ የለም።

በዚያ ክረምት ማብቂያ ከስፖርት ቢሮ አንድ ሰው መጥቶ ሰበሰበን። ኅዳር ላይ ብስክሌትና ሩጫ የተጣመረበት ውድድር እንደሚኖር፣ ከየከተማው አንደኛ የወጣ ብቻ አዲስ አበባ ክለብ እንደሚገባ ነገረን። ክለብ ማለት አልጋ፣ ምግብና ሥራ ማለት ነው። ፈተና ለወደቀ ልጅ ሌላ በር አይታየውም። ከአንድ ከተማ አንድ ሰው። ሁለታችንም ይቺን ቃል ሰማናት፤ ስለ እሷ ግን አንድም ቀን አላወራንም።

ልምምዱን አብረን ቀጠልን። ብስክሌቶቻችን ከባድ የቻይና ብስክሌቶች ነበሩ፤ ማርሽ የሚባል ነገር የላቸውም። የእኔ የአባቴ መሥሪያ ቤት ተላላኪ የሚነዳው ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ወስጄ ሥራ ሳይገባ መመለስ ነበረብኝ። ዛሬ አስፋልት የሆነው የጉብሬ መንገድ ያኔ ክረምት ያጠበው ኮረት ነበር። ካቴናው በየሁለት ቀኑ ይወልቃል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ቀዩ አቧራ ከጥርሳችን መካከል አይጠፋም። ስንመለስ ብስክሌቶቹን አስቀምጠን እስከ ወንዙ ሮጠን እንመለሳለን። የሸምሱ አጎት ባለቤት በሶ በጨው በጥብጠው ይጠብቁናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድግስ በልቻለሁ፤ በላብ እንደረጠብኩ የበላሁትን ያን ቆጮ የሚያህል ግን አላገኘሁም። ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። አይቡን ወደ እኔ በኩል ይገፋልኝ ነበር።

ጥቅምት ወልቂጤ ላይ ሁለት ፊት አለው። ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ደስ ይላል፤ በየጉድጓዱ የቀረው የክረምት ውሃ ግን የወባ ትንኝ ይፈለፍላል። በየቤቱ አንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጠፋም። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሸምሱ ራሴን አመመኝ አለ። በማግሥቱ ወገቤን አለ። ጤና ጣቢያ ሄደን ደምህን እናስመርምር ማለት ነበረብኝ። የአየር ለውጥ ነው አልኩት፤ እሱም ማመን ስለፈለገ አመነኝ።

በሦስተኛው ቀን አረቅጥ ድረስ እንውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። አረቅጥ ደጋ ነው፤ ከእምድብር ወደዚያ የሚወስደው ዳገት ውድድሩ ውስጥ የለም። እሱን ከቻልን ውድድሩ ቀላል ይሆንልናል ብዬ አሳመንኩት። ተላላኪው እረፍት ላይ ስለነበር ብስክሌቱ ቀኑን ሙሉ የእኔ ነው። ሊነጋ ሲል ከወልቂጤ ተነሳን። ጉብሬ ላይ ሸምሱ ወርዶ አስመለሰው፤ አፉን ተጉመጥምጦ ፈገግ አለና ቀጠለ። እምድብር ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቃለች። ዳቦና ሙዝ ገዛን፤ እሱ አልቀመሰም።

ከእምድብር በላይ መንገዱ በእንሰት ጓሮዎች መካከል ሽቅብ ይወጣል። ብዙም ሳንርቅ አንዲት መንደር ዳር ሸምሱ ከብስክሌቱ ወረደና ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያ ፀሐይ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር።

«ጌቾ፣ አልቻልኩም። አብረን እንመለስ» አለኝ።

ሰዓቴን አየሁ። እዚያ ድረስ ይህን ያህል ፈጥነን ደርሰን አናውቅም። ትንሽ አረፍ በል፣ ስመለስ አገኝሃለሁ አልኩት። የውሃ ጠርሙሴን አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማሳመር አይደለም፤ አድርጌዋለሁና ነው።

የድንጋይ ውርወራ ያህል እንደራቅኩ ስሜን ጠራ። ሰማሁት። ደግሞ ጠራኝ። አልዞርኩም፤ ፔዳሉን ረገጥኩ።

ያን ዳገት ስወጣ አልጨነቀኝም፣ አላዘንኩምም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሸምሱ ታሟል፤ ወባ የጣለው ሰው በሦስት ሳምንት ተነስቶ አይሮጥም፤ ቦታው የእኔ ነው። ይህን በቃላት አላሰብኩትም ይሆናል፤ እግሬ ግን አስቦታል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ቀን ዳገት ወጥቼ አላውቅም። አረቅጥ ስደርስ ነፋሱ ላቤን አደረቀው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁ። ተረጋግቼ ነው የጠጣሁት። ሁለተኛም አዘዝኩ።

ስመለስ ባሕር ዛፉ ሥር ብስክሌቱ ብቻ ተጋድሟል። ከተለየሁት አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ቆመዋል፤ ሲያዩኝ እየሮጡ መጥተው ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። እማማ ወለላ እንደሚባሉ በኋላ ነው የሰማሁት። አማርኛቸው ጥቂት ነው። ሸምሱ ቤታቸው ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ጅባ ተኝቷል፤ ዓይኑ ተገልብጧል፣ ከአፉ አረፋ ይወጣል። የመንደሩ ወንዶች ገበያ ሄደዋል። እማማ ወለላ ሲንፈራገጥ አግኝተውት፣ ከጎረቤት ሴት ጋር ጎትተው አስገብተውት፣ መኪና ቢያልፍ ብለው መንገድ ዳር ሲጠብቁ ነው የዋሉት። አንድም አላለፈም።

«ሲጠራ ነበር» አሉኝ። «ጌቾ፣ ጌቾ ሲል ነበር።»

ጌቾ ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ሸምሱን በጋቢያቸው ከጀርባዬ ጋር አሰሩልኝና ወደ እምድብር ቁልቁል መሮጥ ጀመርኩ። እውነት የሆነው ግማሽ ይህ ነው። ሰውነቱ በሸሚዜ ላይ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ጭንቅላቱ ትከሻዬን ይመታኛል። ሸምሱ፣ ሸምሱ እላለሁ፤ መልስ የለም። የአንድ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ሲቀር ሁለቱንም ጥዬ ባዶ እግሬን ቀጠልኩ። እምድብር ክሊኒክ በር ስደርስ እግሬ ደምቶ ነበር። ያየኝ ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ነርሷ ከጀርባዬ እያወረደችው ጠየቀችኝ። «መቼ ነው ራሱን የሳተው?»

«አሁን ነው» አልኳት። «እንደወደቀ ነው ተሸክሜው የመጣሁት።»

ታሪክ የሆነችው ያቺ መልስ ናት። በሩ ላይ የነበሩት ሰሟት፤ ከእኔ ቀድማ ወልቂጤ ገባች። በኋላ ነርሷ እግሬን እያጠበች፣ ወባ ወደ ጭንቅላት ሲወጣ የሚጎዳው መዘግየቱ እንደሆነ፣ ወዲያው ስላመጣሁት ግን ተስፋ እንዳለው ነገረችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እግሬን እያየሁ ዝም አልኩ።

ሸምሱ ስድስት ቀን አልነቃም። ሲነቃ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ ቀኝ እጁ ብርጭቆ አይጨብጥም፣ ምላሱ ከብዷል። ያ ጥቅምት ከነጭራሹ ከአእምሮው ጠፍቷል። ምን ሆኜ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ለነርሷ የነገርኳትን ነገርኩት። እናቱ ከቡታጅራ መጥተው ነበርና ሰሙ። ጎንበስ ብለው በፋሻ የተጠቀለለ እግሬን ሳሙት።

«ከእንግዲህ ሁለት ልጅ ነው ያለኝ። አላህ ያቆይልኝ» አሉ።

እግሬን ልነጥቃቸው ፈለግኩ። አልቻልኩም።

ውድድሩን ተወዳደርኩ። አንደኛም ወጣሁ። ስገባ ሰዉ የሚጠራው የእኔን ስም ሳይሆን የሸምሱን ነበር፤ ለእሱ ብዬ የሮጥኩ መስሏቸው። ክለቡ ውስጥ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ፤ ጉልበቴ ተበላሸ፤ ተመልሼ ተማርኩና የስፖርት መምህር ሆንኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጓደኛዬን የለወጥኩበት ነገር ይህን ያህል ነበር።

ሸምሱ ቡታጅራ ተመልሶ ከአባቱ ጋር በርበሬ መደብር ውስጥ ተቀመጠ፤ አባቱ ሲያልፉ መደብሩን ያዘ። አገባ፣ ሦስት ልጆች ወለደ። በየአረፋው ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ደንበኛ በገባ ቁጥር በግራ እጁ ትከሻዬን ይዞ ይተርካል። አንድ ጊዜ እንሴኖ ገበያ ወስዶኝ በርበሬ ለሚያወርዱ ሰዎች እንኳ ሳይቀር ተርኳል። ከዓመት ዓመት የተሸከምኩበት መንገድ እየረዘመ፣ ዝናብም እየተጨመረበት ሄደ። ልጆቹ አፍ አፉን እያዩ ያዳምጡታል። እኔ አቀረቅራለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ወጣቶቹ ቤቴ በመጡ በሦስተኛው ቀን መኪና ቀያይሬ ቡታጅራ ሄድኩ። አረፋ ስላልነበር ሸምሱ ሲያየኝ ደነገጠ፤ ሰው የሞተ መስሎት። ሰላም ነው አልኩት። ትልቋ ልጁ ሂክማ ሻይ አምጥታልን ወጣች። የበርበሬው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ ለዚህ ቀን የሚመች ቦታ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ባሕር ዛፉን፣ ሰዓቴን ማየቴን፣ አረቅጥ የጠጣሁትን ሻይ፣ ለነርሷ የመለስኩትን መልስ። ደስ ብሎኝ እንደነበረም።

ውጭ ባጃጆች ይጮኻሉ።

«ስንት ጊዜ ጠራሁህ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሁለቴ።»

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ግራ እጁን ቀኝ እጁ ላይ አሳረፈ። ሲናገር ቃላቱ ከወትሮው ይልቅ ዘግይተው ነበር የሚወጡት።

«እኔ እኮ ያን ቀን አላስታውሰውም፤ ያለኝ አንተ የነገርከኝ ነው። እግሬን ሳይ፣ እጄን ሳይ፣ ግን እኮ አንድ ሰው ተሸክሞኛል እላለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ነው የኖርኩት። አሁን ምን ልበል?»

ይቅርታ ልል ስጀምር በግራ እጁ አስቆመኝ።

«ለልጆቼ እንዳትነግራቸው» አለ። «እነሱ እንኳ ይኑራቸው።»

ሂክማ ተመልሳ ገብታ ምሳ ላቅርብ ወይ አለችን። ይቸኩላል አላት እሱ፤ እኔን ሳያየኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ምሳ ሳልበላ ከዚያ ቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ስንሰነባበት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት።

ይህን ስጽፍ ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ ሌላም የቀየርኩት አለ፤ ልጆቹ እጅ ቢገባ የሌላ ሰው ታሪክ መስሏቸው እንዲያልፉት። እውነት መናገር ጥሩ ነው እየተባልን ነው ያደግነው፤ እኔም ተማሪዎቼን እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። እውነቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልበት ግን ማንም አላስተማረኝም። ያን ጊዜ ጥዬው የሄድኩት ለራሴ ብዬ ነው። አሁንም የነገርኩት ለራሴ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

የተናዘዘ ሰው ይቀለዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሸምሱን ይውሰደው አይውሰደው አላውቅም። ደውዬ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።