በጠራ ሰማይ ከጣራችን የፈሰሰው ውሃ

እናቴን ከእምድብር ወልቂጤ ወደ እኔ ቤት ያመጣኋት ጉልበቷን ለማሳከም ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ እንድትታጠብ መከራት። ሻወራችን ላይ የነበረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ መብራት ሲኖርም ይነዝራል። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ እሱን አስነቅለን ጣራ ላይ በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ አስተከልን።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ ፊቷ ወዝቶ ከመታጠቢያ ቤት ወጣችና፣ "ልጄ፣ ይኼስ በሽታ ያስረሳል" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም ሳወራው ይምታታብኛል። ሻወሩ ተዘግቶም ይንጠባጠባል። ሙቁን ስከፍት አንዳንድ ቀን እየፋጀ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፤ ሌላ ቀን ከዚያው ከሙቁ በኩል ውሃው በኃይል ይመጣል፣ ግን በረዶ ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ ልብስ ላሰጣ ብወጣ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከጣራችን ጠርዝ ውሃ ይንዠቀዠቃል። ገብቼ ቧንቧዎቹን ሁሉ አየሁ፤ ዝግ ናቸው። ተመልሼ ወጣሁ፤ ይፈሳል።

ባለቤቴ ማሞቂያው ውሃ የሚያገኝበት የጣራው ታንከር፣ ሮቶው፣ ተሰንጥቆ ይሆናል ብሎ ጣራ ላይ ወጣና ዳብሶት ወረደ።

"ደህና ነው። ሞልቶ ነው የሚፈሰው" አለ።

"ማን ሞላው?"

"እኔ ምን አውቄ!"

ከጉብሬ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። የሻወሩን ጎማ ቀይሮ፣ እዚህም እዚያም አጥብቆ ሄደ። በማግስቱ ጣራው ደረቀ። ተገላገልን ስንል ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ፈሰሰ። እንደገና ጠራነው፤ እሱም ራሱን እያከከ ሌላ ጎማ ቀየረ።

በዚህ መሀል እናቴ መታጠብ ተወች። ብለምናትም "ዛሬ ደህና ነኝ" ትለኛለች፤ ስትነሳ ግን ግድግዳ ይዛ ነው። ምን እንደነካት ግራ ገባኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ደጋግሜ ስጠይቃት፣ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ያ ብረት ወዴት እንደሚዞር አላውቅም፤ ቤታችሁ ውሃ የሆነው እኔ ከመጣሁ ወዲህ ነው። ባልሽ ጣራ ለጣራ ሲል ወድቆ ቢሰበርስ? ወደ ቤቴ መልሱኝ።"

"እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም።"

"ታዲያ ማነው?"

እሷው ወደ ጣራው ጠርዝ በአገጯ እያመለከተች ቀጠለች። "ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጬ የማየው እሱኑ ነው። የመስመር ውሃ በመጣ ቀን ይፈሳል፤ በጠፋ ቀን ይደርቃል።"

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። እኔ ግን ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም። ያለችውን ለቧንቧ ሠራተኛው በስልክ ነገርኩት፤ እሱም የመስመር ውሃ ባለበት ቀን መጣ። ባለቤቴ ጣራ ላይ ሆኖ ሲያይ፣ ሠራተኛው ወደ ሻወሩ የሚሄደውን የቀዝቃዛ መስመር ዘጋው።

"ቆመ!" አለ ባለቤቴ ከላይ። ሲከፍተው ደግሞ፣ "ጀመረ!"

ለካ ቀዝቃዛው ከመስመር በቀጥታ በግፊት ይመጣል፤ ሙቁ ከጣራ በራሱ ክብደት ብቻ ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙበት የሻወሩ መክፈቻ ውስጡ አልቆ ስለነበር፣ ኃይለኛው ደካማውን እየገፋ በሙቁ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ ታንከሩን ይሞላዋል። መክፈቻው ተቀየረ፤ ቀዝቃዛውም እንደ ሙቁ ከሮቶው እንዲመጣ ተደረገ።

ሠራተኛውን ለእናቴ ራሱ እንዲነግራት ለመንኩት።

"እማማ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ውሃው ነው ወደ ላይ የወጣው።"

"ውሃ ወደ ላይ ይወጣል?"

"ከተገፋ ይወጣል።"

አንዴ እሱን አንዴ ጣራውን አየች።

በማግስቱ ታጠበች፤ ጉልበቷ እስኪሻላትም እኛው ጋ ቆየች። አሁን ሁለቱም ቧንቧ የሚያወርደው ቀጭን ውሃ ነው፤ ባለቤቴ ሳሙናው አልለቅ አለኝ እያለ ያጉረመርማል። እናቴ ግን እስከሄደችበት ቀን ድረስ መክፈቻውን በእጇ አልነካችም። እኔ እከፍትላታለሁ፤ ስትጨርስ ትጠራኝና እዘጋላታለሁ። ታጥባ የቆየችው ሠራተኛው ያላትን አምና ይሁን እኛን ላለማስቀየም ብላ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።