የቀለሉት ፍላጻዎች

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከሰኞ እስከ ዓርብ ትወደዋለች። ቅዳሜ ደግሞ ጫካ ስለሚውል የበለጠ ትወደዋለች። እሑድ ትንሽ ይከብዳል፤ እሱም ቢሆን ይቻላል።

ባልየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ክንዱን አንስቶ በሰው ጭንቅላት ዙሪያ ሲዞር ይከርምና፣ ቅዳሜ ማለዳ ቀስቱን አንግቶ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ጫካ ይወጣል። ከርከሮ ማሳውን እየገለበጠ ገበሬውን ስላስመረረ የአዳኞች ማኅበር ፈቃድ ላላቸው አባላቱ ማደን ይፈቅዳል። ሌላው አባል ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ይወጣል። እሱ ግን ከአባቱ የተማረውን የእንጨት ቀስት ነው የሚይዘው። ለምን ሲሉት «ጠመንጃ ይጮሃላ!» ይላል። ቀኑን ሙሉ የፀጉር ማሽን ጆሮው ሥር ሲጮህ የሚውል ሰው ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም።

ታዲያ አንድ ዓመት ትከሻው ከዳው። ሐኪሙ መርምሮ «ክንድህን ከፍ አድርገህ የምትሠራውን ሥራ ቀንስ» አለው። «ደንበኛውን ወለል ላይ ላስተኛው እንግዲህ?» ብሎት ወጣ። ወገቤን አለ እንጂ ሥራውን አልቀነሰም፤ ቀስቱን ግን መቀየሩ አልቀረም። ጠንካራውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ለስለስ ያለ፣ ብዙ ጉልበት የማይጠይቅ ቀስት ጠርቦ ሠራ።

ችግሩ ፍላጻዎቹ ያው የድሮዎቹ መሆናቸው ነው። ዘንጋቸው ወፍራም፣ ጫፋቸው ድፍን ብረት። ከአዲሱ ቀስት ሲወጡ ሰኞ ጠዋት ሥራ እንደሚገባ ሰው እየተጎተቱ ይሄዱና ጓሮ ለመለማመጃ ካቆመው የዒላማ ሰሌዳ ሥር መሬት ላይ ይተከላሉ። ቀስት የሚይዝ አባል ደግሞ አደን ከመከፈቱ በፊት በየዓመቱ ሰሌዳ መትቶ ፈቃዱን ማሳደስ አለበት።

«አቅልላቸዋ!» አለችው ሚስቱ፣ ጓሮ ቆማ ስታየው። «ምን ያህል ነገር ነው?»

«ቀላል ፍላጻ ይፈጥናል፤ ማን ካደ? ቀጥ ብሎም ይሄዳል። ሲደርስ ግን ጉልበት የለውም፣ ቆዳው ላይ ቆሞ ያስባል። ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ ከደረሰ ይገባል። ከርከሮ ትከሻው ላይ ያለው ቆዳ ጋሻ በይው። አቁስዬ የምለቀው እንስሳ የለኝም፣ አባቴም አልነበረውም።»

«እሺ፣ ጠጋ ብለህ ወርውር።»

«ከርከሮውንማ እጠጋዋለሁ። የፈተናውን ሰሌዳ ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር እዚያ ማዶ ነው የተከለው። የሱ ጥይት የትም ይደርሳል፣ ምን ቸገረው?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ ሐሳቧ ግን ጓሮ ቀረ። ፈቃዱ ካልታደሰ ቅዳሜ ቤት ሊውል ነው። በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል አይታዋለች። ክሮቿን በቁመታቸው ደረደረ፤ የስፌት ማሽኗን በፀጉር ማሽን ዘይት ቀባ፤ ልትለካ የመጣችን ደንበኛ «ይሄ ቀለም አያምርብሽም» ብሎ አስኮረፈ። ይሄስ ይሁን፣ ያስቃል። ያላሳቃት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከሰዓት ወንበር ስቦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀስት ፊት ተቀመጠና እስኪመሽ አንድ ቃል አልተናገረም። አባቷ ጡረታ እንደወጡ እንደዚሁ መስኮት ሥር ተቀምጠው ነው ያለቁት። ፈራች።

ስለዚህ እሱ ሱቁ በሄደበት ፍላጻዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ ከሷ ቤት ቀጥሎ ብረት ወደሚላግበት የቶርኖ ቤት ገባች።

«ጫፎቹን እነዚህኑ አስመስለህ ሥራልኝ» አለችው ቶርነኛውን። «ላያቸው ቁርጥ እንዲሁ፣ ውስጣቸው ባዶ።»

«ጋሼ ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«ጋሼ ባያውቁ ይሻላል።»

«ኋላ ጉድ እንዳይፈላብኝ! ፀጉሬን የሚቆርጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«መላጣ ነህ እኮ፣ ልጄ።»

ቶርነኛው ነገሩን አሰበበትና ሠራላት። ዘንጎቹን ደግሞ እሷ ራሷ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ አቅጥና መልሳ ቀባቻቸው። ቀሚስ አጥብባ ስፌቱን የምትደብቅ ሴት ናት፣ ይሄ ምን ያቅታታል? ድፍኖቹን ጫፎች የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከተተቻቸው። ሲያልቅ ሥራዋን አይታ ኮራች።

የፈተናው ቀን እሷም ሄደች። ባልየው ለስለስ ያለውን ቀስት ሳበ፣ እንደ ለመደው ከፍ አድርጎ አነጣጠረና ለቀቀ። ፍላጻው ሰሌዳውን ከላይ አልፎ ከኋላ ያለው የመጸዳጃ ቤት በር ላይ ተተከለ። ከውስጥ «ሰው አለ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ወንድሜ፣ ዝቅ አድርገው» አለ ሊቀመንበሩ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

ሁለተኛውን አንስቶ ለአፍታ እጁ ላይ ያዘው። ከዚያ ዝቅ አድርጎ ወረወረ። ሰሌዳው ላይ ጧ አለ። የቀሩትም ተራ በተራ እዚያው ገቡ። ሊቀመንበሩ ፈረመ፤ ከመጸዳጃ ቤት የወጣው ሰውም አጨበጨበ።

ቤት ሲገቡ ባልየው ደረቱን ነፍቶ «ትከሻዬ ተመለሰ» አለ።

«እንኳን ደስ አለህ» አለች ሚስት፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ።

አደን በተከፈተበት ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። የጨቀየ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ጠረጴዛውን ትገለብጥበት ነበር።

«መታሁት» አለ።

«ታዲያስ?»

«አልገባም። ትከሻው ላይ ጫፉ ብቻ ተሰክቶ ቀረ። ይዞት ሮጠ። ደሙን እያየሁ ተከተልኩ፣ ተከተልኩ፣ ጠፋኝ። ይሄኔ የሆነ ቦታ ተኝቶ ያቃስታል። በእኔ።» እንባው ጢሙ ላይ ሲወርድ ለመጥረግ እንኳ አልሞከረም።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ብረቶቹን ባዶ ያስደረግኳቸው እኔ ነኝ። ዘንጉንም ፍቄዋለሁ። ፈተናውን እንድታልፍ ብዬ ነው፣ ፈርቼ ነው። በሞትኩት!»

እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ «አውቃለሁ» አላት።

«ማን ነገረህ? ያ ቶርነኛ ነው አይደል! ቆይ ብቻ...»

«ማንም አልነገረኝም። ሁለተኛውን ሳነሳ በእጄ አወቅሁት።»

«እና ለምን ወረወርከው?»

«ፈቃዱን ፈለግኩታ!»

«ጫካ ይዘህ መሄድህስ? ሌላ ጫፍ ጠፍቶ ነው?»

የጫማውን ጭቃ በጣቱ ፋቀ። «ሲፈጥን ደስ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ሳየው ወጣት የሆንኩ መሰለኝ። ይኸው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ተናደደች። ከፈተናው ቀን ጀምሮ ኃጢአቱን ብቻዋን ተሸክማ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ለካ ሰውየው አጠገቧ እያወቀ ያንኮራፋል! የምታውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደችበት። ስትጨርስ የቁልፉን ጣሳ አምጥታ ፊቱ ገለበጠችው። ምድጃ ለኮሱ። እሱ ሙጫ እያቀለጠ፣ እሷ እየያዘች፣ ድፍኖቹን ብረቶች መለሱ።

እሑድ ሲነጋ አብረው ወጡ። እሷ ጫካ ገብታ አታውቅም፤ ቀሚሷን እሾህ ሲይዘው እሾሁን ትሰድባለች። ደሙ ከጠፋበት ቦታ አንስተው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲፈልጉ ቆዩ። ከርከሮው ወራጁ ውኃ ዳር ተኝቶ ተገኘ። አልሞተም። በኋላ እግሩ ይፈራገጣል እንጂ መነሳት አቅቶታል፣ ፍላጻው ትከሻው ላይ በትንፋሹ ልክ ይወዛወዛል።

ባልየው ዓይኑን ጭምር እስኪያይ ድረስ ተጠጋ። ሳበ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ከትናንት ጀምሮ የዛለው ትከሻው እምቢ አለው። ዝቅ አድርጎ ተነፈሰና እንደገና ሳበ፤ አሁንም እምቢ። ሦስተኛውን ሳይሞክር ዞሮ ሚስቱን አያት።

መጣች። ከኋላው ቆማ እጇን በእጁ ላይ ደረበችና አብረው ሳቡ። የማኅበሩ ደንብ አንድን ቀስት ሁለት ሰው እንዲስበው አይፈቅድም። ደንቡን ያረቀቀው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም፤ ቢሆንም አይፈቅድም። ለቀቁት። ፍላጻው ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው፣ እንደዚያ ቀርፋፋ ነበር። የጎድን አጥንቱ መሀል እስከ ላባው ገባ። ከርከሮው አንዴ በረጅሙ ተነፈሰና አበቃ።

ባልየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ነገ ፈቃዱን እመልሳለሁ» አለ።

ስትፈራው የኖረችው ቃል ይኸው ነበር። «ለምን? አብሬህ እመጣለሁ» አለች ቶሎ ብላ። «አብረን እንስባለን። ማን ያየናል?»

«ደንቡስ?»

«ደንቡ ገደል ይግባ!»

«በፈተናው ቀን አንዴ ገደል ከተትነው እኮ፣ የኔ እመቤት» አላት በለሆሳስ፣ ከርከሮውን እያየ። «ይኸው ተኝቷል።»

አጠገቡ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱም ደህናውን ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ እስክትጨርስ ድረስ ጠበቃት።