በቤት የተወለዱት ዓሦች

ወይዘሮ ተናኜ የቦሌ ሚካኤል ጎረቤቴ፣ በሙያቸው የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበሩ። አለቃቸው የነበሩ አንድ ፈረንጅ በለውጡ ማግስት አገር ለቀው ሲሄዱ ጋፒ የሚባሉ ጥቃቅን ዓሦች በመስተዋት ሣጥን ትተውላቸው ነበር። እርሳቸውም ከዝናብ ውኃ በርሜል የትንኝ ዕጭ እየቀዱ በመመገብ፣ ብርድ ሲበረታ በአምፖል በማሞቅ፣ ዘራቸውን ሳያቋርጡ አራቧቸው።

በ1975 ዓ.ም. የላብ አደሮች ቀንና ሆሣዕና በአንድ እሑድ ዋሉ። ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናቱን ለእንግዶች ሲያስጌጥ ወይዘሮ ተናኜ ሣጥኑን ከነዓሦቹ ለልጆቹ ሊሰጡ ፈቀዱ። በዕድሜ ታናሻቸው የሆነው ሊቀ መንበር ላጲሶ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ።

«እትዬ ተናኜ፣ ይህ ዓሣ ነው ትንኝ?»

«ትንኝ የሚበላ ዓሣ ነው።»

«ለእንግዳ ከሩቅ የሚታይ ያስፈልጋል። ከዝዋይ ሐይቅ ትልልቅ የቆሮሶ ዓሣ አስመጣለሁ፤ ከእነዚህ ጋር ይገባል።»

«በመረብ የተያዘ የሐይቅ ዓሣ ቁስሉንም በሽታውንም ይዞ ይመጣል። የእኔዎቹ በቤት ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አይችሉትም፣ ያልቃሉ። ቆሮሶ ከገባ የእኔ አይገቡም።»

«የአብዮቱ ጉዳይ ነው እኮ!»

«ዓሣው ገና አልተደራጀም፣ ጓድ።»

በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል ታስሯል።

ቆሮሶዎቹ ቅዳሜ ማምሻውን በበርሜል፣ በጭነት መኪና እየተናጡ መጡ። እሑድ ወይዘሮ ተናኜ ከቅዳሴ በቀጥታ ሣጥናቸው ወዳለበት መዋዕለ ሕፃናት ሲደርሱ፣ ከአንዱ በቀር ቆሮሶዎቹ ሁሉ በበርሜሉ ውስጥ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ዘበኛው ወልደጊዮርጊስ በበርሜሉ ላይ አጎንብሶ፣

«ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ ዛሬ ከእነርሱ ወገን ነኝ» አለ።

ላጲሶ አልሳቀም። «አንዱ ሕያው ነው፤ ይግባ!»

የዚያ ዓሣ ቅርፊቱ ረግፎ ጎኑ ቀልቷል። ወይዘሮ ተናኜ ነጠላቸውን አጣፍተው በበርሜሉና በሣጥኑ መካከል ቆሙ። ከሩቅ የመጣውን ማድነቅ ለማንም ይቀላል፤ በእጅ ያሳደጉትን መጠበቅ ግን እንዲህ መቆምን ይጠይቃል።

«ጓድ ላጲሶ፣ የምታስገባው እኔን አልፈህ ነው።»

በር ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ላጲሶ ኮቱን አስተካከለ።

«ከተጠየቅን መላሿ እርስዎ ነዎት!»

«እመልሳለሁ።»

እንግዶቹ በሣጥኑ አጠገብ አለፉ፤ የጠየቀ የለም። ልጆቹ ግን የዘንባባ ቀለበት ያጠለቁ ጣቶቻቸውን በመስተዋቱ ላይ ለጥፈው ቀሩ።

«አታንኳኩ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ፤ «ያቺ ሆደ ትልቋ እርጉዝ ናት።»